የጌርሊንደ ሰሞን

ሰኞ

ጌርሊንደ። ይኸው ጻፍኩት። ሲጻፍ ይብሳል።

ወይንሸት ሐብሐብ እየበላች ነበር። ፍሬውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ በሰልፍ ትደረድራለች። የስምንት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር በምታደርገው ነገር ላይ አስተያየት አልሰጥም። ዘጠነኛውን ፍሬ አስቀመጠችና «ልጅቷን ጌርሊንደ ብንላት ደስ ይለኛል» አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። አሥረኛውን ፍሬ አስቀመጠች።

«የጀርመን ስም ነው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

አራት ዓመት ባሏ ሆኛለሁ። «ደስ ስለሚለኝ» ብላ የወሰነችው ነገር ቢኖር ሶፋው ብቻ ነው፤ ለእሱም ሦስት ሱቅ ዞራለች።

በበኩሌ ከዚህ ደብተር ጀርባ ለወራት ስጽፍ የከረምኩት አሥራ አንድ ስም አለኝ። ማኅደር። ስምረት። ሕሊና (ከጥያቄ ምልክት ጋር)። ቃልኪዳን (የተሰረዘ፤ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ብቻ አራት አውቃለሁ)። ዝርዝሩን አላነበብኩላትም። አንድ ስም ብቻ ይዞ የመጣን ሰው በአሥራ አንድ ስም መግጠም ከወዲሁ መሸነፍ መሰለኝ።

አሳዛኙ ነገር ሥራዬ ስም መሆኑ ነው። ፌርፋክስ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ መሃል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ፕሪንተር የምትበቃ ቢሮ አለችኝ። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ እተረጉማለሁ። የሰፈሩን ሰው አባትና አያት በቃሌ አውቃለሁ። ማን ስሙን እንደቀየረ፣ ማን ዕድሜውን እንደቀነሰ፣ ማን ሁለቱንም እንዳደረገ አውቃለሁ። ሚስቴ እዚህ ከመምጣቷ በፊት ጀርመን አገር አምስት ዓመት እንደኖረችም አውቃለሁ። ጌርሊንደን ግን አላውቅም።

ማክሰኞ

ጠዋት ደንበኛ አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ስለ ስም ብቻ የሚያወራ ገጽ አገኘሁ። እንዳይጠፋኝ እዚህ ገለበጥኩት።

ትርጉም፦ ከሁለት የጥንት ቃላት የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ጦር ማለት ነው። ሁለተኛው ለስላሳ ማለት ነው፤ አይ፣ ጋሻ የሚሠራበት ዛፍ ነው የሚሉም አሉ። ሶ፣ ልጄ ወይ ለስላሳ ጦር ትሆናለች፣ ወይ ጦሩንም ጋሻውንም ይዛ ትወለዳለች። አዋላጇን እግዜር ይርዳት።

ስርጭት፦ በጦርነቱ ዘመን አካባቢ በተወለዱ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነበር። ከዚያ የስሙን ብዛት በየዓመቱ የሚያሳየው ሥዕል ላይ ያለው መስመር ይወርዳል። ይወርዳል። በመጨረሻ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ዛሬ ለሕፃን የሚያወጣው የለም ማለት ይቻላል። ከጀርመኖች አገር ውጭማ ጭራሹን ብርቅ ነው። ከገጹ ግርጌ «ይህን ስም ይወዱታል?» የሚል ጥያቄ አለ። አልመለስኩም።

ትርጉሙ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ብርቅነቱ ነው። ሚስቴ «አና» ብትለኝ ኖሮ ጉዳዩን እዚያው ሐብሐቡ ላይ እተወው ነበር። አናን ባቡር ውስጥም ዳቦ ቤትም ይሰሟታል። ብርቅ ስም ግን ከመንገድ አይለቀምም፤ ከሰው ነው የሚገኘው። እንግዲህ ሰው አለ።

ከጎኔ ያለው ሱቅ የሰይድ ነው። በርበሬና የስልክ ቻርጀር ይሸጣል፤ ወሎዬ ነው። ምክሩን በነጻ ይሰጣል፤ ዋጋውም ከዚያ አያልፍም።

«አንድ ጓደኛዬ አለ» ብዬ ጀመርኩ። «ሚስቱ ያልታወቀ ስም አምጥታ ለልጃችን ይሁን አለችው።»

«አይጠይቃትም?»

«ጠየቃት። ደስ ይለኛል አለችው።»

«ኤጭ! እንዲህ ካለችማ ነገሩ ሥር አለው። ለጓደኛህ አላህ ይሁነው።»

«ሰይድ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከእኔ ሌላ ጓደኛ አለህ እንዴ?»

ረቡዕ

የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ወይንሸት ነገ የሐኪም ቀጠሮ አላት። «ታዴ፣ የኢንሹራንስ ካርዴን ከፋይሌ አውጣልኝ፤ መነሳት አቃተኝ» አለች። ካርዱ ከላይ ነበር። ፎቶው ከሥር። ከላይ ወደ ሥር እንዴት እንደደረስኩ ማስረዳት አልችልም። የሙያ ልማድ እንበለው።

ወይንሸት፣ ቀጭን፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ አንድ በር ላይ ቆማለች። ፀጉራቸው በረዶ የመሰለ አሮጊት ክንዷን ይዘዋል። ከኋላቸው ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ አለ። ፍራሹ ፊቱን ጋርዶታል። ቁመቱን ግን ፍራሽ የሚጋርደው አይደለም።

ከበሩ ደወል ሥር ወረቀት ተለጥፏል። ቢሮ የደበዘዘ ማኅተም የማነብበትን ማጉያ ይዤ መጣሁ። (አዎ፣ ለዚህ ብዬ ቢሮ ድረስ ሄጃለሁ። እንጀራ ልገዛ ነው አልኳት። እንጀራም ገዛሁ።) ወረቀቱ «ጌርሊንደ ተፈራ» ይላል።

ተፈራ አማቴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞጣ ላይ ሲያርፉ ጌርሊንደ የምትባል ልጅ እንዳለቻቸው አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ስሙ የሌላ ሰው አይደለም። የሚስቴ ነው። ፎቶውን መልሼ ካርዱን ሰጠኋት። «ምነው ቆየህ?» አለች። «ፋይልሽ ሥርዓት የለውም» አልኳት። ከእኔ ቢሮ የተሻለ ሥርዓት አለው።

ሐሙስ

ጠዋት ደብረ ማርቆስ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አንዲት ሴት ካደገች በኋላ ስም የሚያወጣላት ማነው?»

«አማቷ ናታ! ይኸ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? ሚስትህን ዘመናይ ያልኳት እኔ አይደለሁም?»

እውነቷን ነው። በአገራችን ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እናቴ መምጣት ስላልቻለች በሠርጋችን ዕለት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ዘመናይ ብያታለሁ!» ብላ እልል አለች።

«ሌላ ሰው ሊያወጣላት አይችልም?»

«ማን ደፍሮ? ስም የምታወጣው ቤት ያስገባቻት ናት። ምን ሆነሃል ልጄ? እህል ትበላለህ?»

በር። አሮጊት። የተያዘ ክንድ። አዲስ ስም። ፍራሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰነድ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማስረጃ ሲሟላ አውቃለሁ። አሮጊቷ አማቷ ናቸው። ፍራሹን የተሸከመው ልጃቸው ነው። የጋብቻ ፈቃዳችንን ስናወጣ «ከዚህ በፊት አግብተው ያውቃሉ?» የሚለው ላይ «የለም» ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት።

ከሰዓት በኋላ ድራይቭ አድርጌ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ ስለ ትራፊክ አወራሁ። ተራ ስንጠብቅ ውኃ ላመጣ ተነሣሁና ስመለስ፣ ከጀርባዋ ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጌርሊንደ» አልኩ።

«አቤት» አለች።

ዘወር አላለችም። መጽሔቷን እያገላበጠች፣ ሳታስብበት፣ ሰው በገዛ ቤቱ ሲጠራ እንደሚመልሰው። እናቴ በስልክ «ዘመናይ» ስትላት ግን እስከ ዛሬ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብላ ታያለች።

ቀና ብላ አየችኝ። መጽሔቷን ዘጋች። ያን ጊዜ ነርሷ መጣች።

የልጅቷን የልብ ምት በማሽን አሰሙን። ደኅና ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሁሉ መሃል የሰውዬውን ቁመት እየገመትኩ ነበር። አንድ ሜትር ከዘጠና አያንስም።

ዓርብ

ተጣላን። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ ራሴን አስበልጬ እጽፋለሁ።

«ፋይሌን ነክተሃል» አለች፣ ቁርስ ላይ።

«ስሙን ማን አወጣልሽ?»

«አንተ መጀመሪያ መልስ።»

«ነክቻለሁ። አማትሽ ናቸው?»

«ማን?»

«አሮጊቷ። ከልጃቸው ጋር ስንት ዓመት ነው የኖራችሁት?»

መጀመሪያ ሳቀች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ ምጥ ይጀምራታል ብዬ ፈራሁ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። የቆመበት ሁኔታ አላማረኝም።

የነገረችኝ ይህ ነው። ካሰል በምትባል ከተማ ስደተኛ ማረፊያ ውስጥ፣ ስድስት ሴቶች ባሉበት ክፍል ትኖር ነበር። የኪራይ ክፍል ለመፈለግ ትደውላለች። ወይንሸት ተፈራ እባላለሁ ስትል ክፍሉ «ተይዟል»። በማግስቱ ማስታወቂያው እዚያው ነው። ሐሙስ ሐሙስ የምታጸዳላቸው አሮጊት ይህን አይተው አንድ ቀን ስልኩን ከእጇ ነጠቁ።

«‹ጌርሊንደ እባላለሁ፤ አንድ ክፍል ፈልጌ ነው› አለችው» አለች ወይንሸት። «የራሷን ስም። አከራዩ ምን ያውቃል? በዚያ አገር ጌርሊንደ ከተባለች ሰማንያ ዓመቷ ነው። ልጅ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ የሽንኩርት ሽታ የለ። ድምፁ ቅቤ ሆነ። የአባት ስም ሲላት ‹ተፈራ› አለችው። ‹ባልዎ ጣሊያናዊ ነበሩ እንዴ?› ሲላት ‹ከሩቅ ነው የመጣው› አለችው።»

ክፍሉን ሊያዩ ሁለቱም ሄዱ። በሩን የከፈተው ሰው እጁን ለአሮጊቷ ዘረጋ። አሮጊቷ «እኔ ሸኚ ነኝ፤ ወይዘሮ ተፈራ እሷ ናት» አሉ። ሰውዬው ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ካፈረ በኋላ እንቢ ማለት አልቻለም። ውሉን በትክክለኛ ስሟ ፈረመች። ደወሉ ላይ ግን ስሙን አስቀድሞ አጽፎ ለጥፎት ነበር፤ ማንም አላነሣውም። ፖስተኛውም ጎረቤቱም ሦስት ዓመት ጌርሊንደ ሲላት ኖረ።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አሮጊቷን «እሷ» እያለች ነው። ሽማግሌ ሁሉ አንቱ የምትል ሴት ናት። የሰማንያ ዓመት ሰው «እሷ» ከተባለች ጓደኛ ነበረች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

«ፍራሹን የተሸከመውስ?»

«ልጇ ነው። ዴትሌፍ።»

«እና?»

«እና ምን? ጠይቆኝ ነበር። እንቢ አልኩት።»

«ለምን?»

«እሁድ ኬክ እየበላን ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አይወጣውም። እኔ ወሬኛ ባል ነው የምፈልገው ብዬ አንተን አገባሁ፤ አንተ ደግሞ ለወረቀት እንጂ ለእኔ አታወራም። አራት ቀን! አራት ቀን ሙሉ ስትመረምረኝ ከረምክ። ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር። የሰው ሰነድ ስታይ ስለምትውል እኔንም ሰነድ አደረግከኝ።»

«ጠይቄሽ ነበር። ደስ ስለሚለኝ አልሽ።»

«ባለፈው ወር ሞተች፣ ታደሰ። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ፊቴን እንኳ አላየህም። ስሟን አዋሰችኝ፤ ሳልመልስላት ሞተች።»

ታደሰ ስትለኝ ነገሩ እንዳበቃለት አውቃለሁ። ሻንጣዋን ይዛ ዌስት አዳምስ ሰፈር፣ ጓደኛዋ ሂሩት ዘንድ ሄደች። የወሊድ ቦርሳውንም ይዛዋለች። ይኸኛው ነው ያስፈራኝ።

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ ደብዳቤው የመጣበትን ሳምንት ፈለግኩ። የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ወይኒ ዝም ብላለች። የመኪናው ጎማ ተቀየረ።»

ቅዳሜ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሐብሐብ አለ፤ የሚበላው የለም።

ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ሂሩት ናት የምታነሣው። «ተኝታለች» ትላለች። ከሥር የወይንሸት ድምፅ ይሰማኛል። ተኝተው የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ ሚስቴ ግን ከእነሱ አይደለችም።

ለሰይድ ሁሉንም ነገርኩት።

«ሶ፣ ዴትሌፍ የሚባለውን ረጅም ሰውዬ እንቢ ብላዋለች?»

«አዎ።»

«እናቱ ቤት አግኝተውላት፣ ስማቸውን ሰጥተዋት?»

«አዎ።»

«ያንን ሁሉ ትታ አንተን?» ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ምኑ ላይ ነው የቀናኸው? መቅናት ያለበት እኮ እሱ ነው። ይኼን ጊዜ እዚያ ኬኩ ፊት ተቀምጦ፣ ምን አጎደልኩ እያለ ይሆናል። ፎቶህን ቢያይ ደግሞ ይብስበታል።»

ሰይድ አንዳንዴ ሳያስበው ጥሩ ነገር ይናገራል። አልነገርኩትም፤ ያበላሸዋል።

እውነቱን ልጻፍ። በዴትሌፍ መቅናት አቁሜያለሁ ማለት አልችልም፤ ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወርዷል። አሁን የምቀናው በሟቿ ነው። እኔ ለመላው ፌርፋክስ ስም ስጽፍ እውላለሁ፤ እሳቸው ግን በአንድ የስልክ ጥሪ፣ በገዛ ስማቸው፣ ሚስቴን ጣራ ሥር አስገቧት። እናቴም ስም አወጣችላት፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበ፤ ቤት ግን የሰጣት የለም። በሞተ ሰው መቅናት አሳፋሪም ከንቱም ነው። ምክንያቱም ሟች አይሳሳትም፣ ፋይል አይነካም፣ እንጀራ ልገዛ ነው ብሎ ማጉያ ሊያመጣ አይሄድም።

ማታ እናቴ ደወለች። ነገርኳት፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። «ታዲያ የሰው ልጅ ቤት ያስገባች ሴት ስም ምን ይጠላል?» አለች። ቀጥላ ስሙን ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ተወችውና «እኔ የምጠራትን እኔ አወጣለሁ። አንተ ግን ሂድና ልጂቱን አምጣ» አለች። ልጂቱ ያለችው ሚስቴን ነው።

እሁድ

ሂሩት በሩን ከፈተችና ወደ ውስጥ «ወይኒ፣ መርማሪው መጣ!» ብላ ተጣራች።

ወይንሸት ወጣች። እግሯ አብጧል። ይቅርታ ጠየቅኩ። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ኦኬ፣ ይበቃል፣ እግሬን አመመኝ» አለችና መኪናው ውስጥ ገባች። የወሊድ ቦርሳውን ግን እዚያው ትታዋለች። አየሁት።

መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲፈቀድልኝ ጠየቅኩ።

«ቁመቱን ከሆነ አልመልስም።»

«ስትለያዩ አሮጊቷ ምን አሉሽ?»

ዘወር ስል ታለቅሳለች። ጥጉን ይዤ ፓርክ አደረግኩ።

«ባቡር ጣቢያ ነበርን» አለች። «ስምሽን ልመልስልሽ አልኳት፣ እንደ ቀልድ። ‹ያዢው› አለችኝ። ‹እኔን አሁን ሁሉም ወይዘሮ እገሊት ነው የሚለኝ። ጌርሊንደ ብለው የሚጠሩኝ ሁሉ አልቀዋል። አንቺ ዘንድ ስመጣ ደረጃው ላይ ሲጠሩሽ ስሰማ ደስ ይለኛል› አለችኝ። ይኼው ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላማ በዚያ ሕንፃ ያንን ስም ማን ጠራው?»

ማክሰኞ ዕለት የገለበጥኩት መስመር ትዝ አለኝ፤ ያ መሬት ለመሬት የሚሄደው። ሥዕሉን ሳየው የሴቶች ቁጥር መስሎኝ ነበር፤ ለካ የጠሪዎቻቸውም ነው።

ደብዳቤውን ማን እንደጻፈላት አልጠየቅኩም። ራሷ «ዴትሌፍ ነው የጻፈው፤ ሁለት መስመር» አለች። አድራሻችንን ያውቃል ማለት ነው። ዋጥኩት።

ከዚያ ተመልሰን ቦርሳውን ከሂሩት ወሰድን። ተመልሰን እንውሰደው ያለችው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ የላከውን ፎርም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የእናት ስም። የአባት ስም። የተወለዱበት አገር። ሁሉንም በጥቁር እስክሪብቶ፣ በጥሩ ጽሕፈት ሞላሁ። የሕፃኗ ስም የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጬ እርሳስ አነሣሁ። ለደንበኞቼ እርሳስ የነካው ፎርም አልቀበልም። ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ነው። ያን ያህል አስቀያሚ አይደለም።

ወይንሸት ከትከሻዬ በላይ አነበበች።

«በእርሳስ ነው የጻፍከው።»

«ልጅቷን እስክናያት ብዬ ነው።»

«ፈሪ» አለችኝ፤ እጇን ግን ትከሻዬ ላይ ረሳችው።

ገና ሁለት ሳምንት አለ። እስክሪብቶው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለታችንም ስናልፍ እናየዋለን።